ቃጫና ፌስታል፤ መሃላቸው የሚገባው ውሃ

ከሜዳ የተለቀመ ቃጫ በታጠበ ፌስታል መካከል ተነባብሮ፣ ተግሎና ተጨፍልቆ ሲወጣ ኮምፔንሳቶ የሚመስል ሰሌዳ ይሆናል። ሲነገር ቀላል ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጠርዙ ተጣሞ፣ ሲታጠፍም እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበታትኖ ይገኛል። ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፕላስቲኩን ወይም መጭመቂያውን ነው። ጥፋቱ ግን ከአስር ዘጠኙ ጊዜ ከውሃ ይመጣል፤ ቃጫው ውስጥ ከቀረ ውሃ፣ ቃጫው ከአየር መልሶ ከጠጣው ውሃ፣ ሰሌዳው ካለቀ በኋላ በጠርዙ ከሚገባ ውሃ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ አንድ ነገር እያሰባችሁ አንብቡት፦ ውሃው አሁን የት ነው ያለው?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የምሥራቅ ጀርመኑ ትራባንት መኪና እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1991 ሲመረት የውጭ አካሉ የተሠራው ከጥጥ ተረፈ ምርትና ከፌኖል ሙጫ ነበር። መርሴዲስ ቤንዝም በ2000ዎቹ አጋማሽ ለኤ ክላስ መኪናው የወለል ሥር መሸፈኛ አባካ የተባለውን የፊሊፒንስ ቃጫ ተጠቅሟል። አባካ ከእንሰት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ቆጮ ሲፋቅ የሚቀረውን ቃጫ ለሚያውቅ ሰው ዘመድነቱ በእጅ ሲዳሰስም ይታወቃል።

የትኛው ተክል

እዚህ የምንሠራበት ሲሳል ነው። በጥብቅ አነጋገር የኛ የዱር ተክል አይደለም፤ አገሩ ሜክሲኮ ነው። አጥር ሆኖ መጥቶ ግን ዛሬ በቦረቦር ዳርና በተራቆተ ተዳፋት ላይ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ከእርጥብ ቅጠሉ ክብደት ቃጫ የሚሆነው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሌላው ውሃና ልጋግ ነው። አንድ ተክል በዕድሜው ከ200 እስከ 250 የሚደርስ ጥሩ ቅጠል ይሰጣል፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ውስጥ 1,000 ያህል ቃጫ አለ። ከታች ያሉትን የበሰሉ ቅጠሎች ብቻ ቁረጡ፤ የመሃሉን ቀንበጥ የነካ ተክሉን ገደለው።

በቆላው ቁጥቋጦ ሥር ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የዱር ሳንሰቬሪያም ለዚሁ ሥራ ይሆናል። ብዙ ሰው ሳሎን ውስጥ በሸክላ ተክሎ የሚያውቀው የእሱን ዘመድ ነው። አፋፋቁ ከሲሳል ጋር አንድ ነው። ሳማም ከግንዱ ልጣጭ እጅግ ጥሩ ቃጫ ይሰጣል፤ ኔፓሎች ከሂማላያው ሳማ ልብስ ይሸምናሉ። ችግሩ ቃጫውን ከልጣጩ ሙጫ ለመለየት በአመድ ወይም በኮስቲክ ሶዳ መቀቀል ስለሚፈልግ ለጀማሪ አይመችም። ከዛፍ የሚላጥ ልጥ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይደርቃል። ለአንድ ሰሌዳ ሲባል ዛፍ መግደል ደግሞ የነገሩን ዓላማ ይገለብጠዋል።

እምቦጭስ? እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ ጎልቶ ከታየ ወዲህ "ለምን ወደ ምርት አይቀየርም" የማይል የለም። እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አንድ ኩንታል ተሸክሞ መጥቶ ሲደርቅ ከ10 ኪሎ በታች ይቀራል፤ ከዚያም ላይ ግንዱ ስፖንጅ ስለሆነ የሚወጣው ቃጫ ደካማና አጭር ነው። ደርቆና ተፈጭቶ ፕላስቲኩን የሚያበዛ መሙያ ሊሆን ይችላል፤ ጭነት የሚሸከም ቃጫ ግን አይሆንም። የሚያዋጣውም ማድረቂያው ሐይቁ ዳር ካለ ብቻ ነው።

የትኛው ፕላስቲክ

ቃጫ 200 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ሲደርስ መጥቆርና መድከም ይጀምራል። ምርጫውን የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ የሚቀልጠው ከ250 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ጠርሙሱ ሳይፈስ ቃጫው ከሰል ይሆናል፤ ከሃይላንድ የሚፈለገው ክዳኑ ብቻ ነው። ጀሪካን፣ ፌስታልና ክዳን ፖሊኢትሊን ናቸው፤ እንደ ዓይነታቸው ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ባለው ይቀልጣሉ። የማዳበሪያ ከረጢት ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ 165 ገደማ ይቀልጣል፤ እስኪፈስ 185 ያስፈልገዋል። እሱም ይሠራል፤ ከቃጫው መቃጠያ ጋር ያለው ርቀት ግን ጠባብ ስለሆነ ለሁለተኛ ጊዜ አቆዩት። ፀሐይ ላይ የከረመና ሲታሹት የሚፈረፈር ማዳበሪያ ጭራሽ አይነካም።

ምልክት የሌለው ቁራጭ ሲገጥማችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋሉ፤ የሃይላንድ ጠርሙስና የፒቪሲ ቧንቧ ይሰምጣሉ። የሰመጠውን ሁሉ ተዉት፤ በተለይ ፒቪሲ ሲግል ሳንባና ብረት የሚበላ የአሲድ ጋዝ ያወጣል።

ጀሪካን ፈተናው ሌላ ነው። በመንፋት የሚሠራ ዕቃ ፕላስቲኩ ሲቀልጥ እንደ ማስቲካ ወፍራም እንዲሆን ታስቦ የተመረጠ ስለሆነ ቃጫው መሃል ሰርጎ አይገባም፤ ሰሌዳው ሲሰበር ውስጡ ደረቅ የቃጫ እስር ይታያል። ፌስታልም ቀጭን ፈሳሽ አይሆንም። ነገር ግን ስስ ስለሆነና ቃጫውን ከላይም ከታችም ስለሚያቅፈው የሚጓዘው መንገድ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ስለዚህ ፌስታል ተመረጠ። በሳሙና ታጥቦ፣ ተገልብጦ፣ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ የዘይትና የወጥ ቅሪት ያለበት ፌስታል ከቃጫው ጋር አይያያዝም።

ስሌቱ

20 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ 160 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። የሲሳል ጥግግት (የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ክብደት በግራም) 1.45፣ የፖሊኢትሊን 0.95 ገደማ ነው። ከክብደቱ 30 በመቶ ቃጫ ይሁን ካልን የድብልቁ ጥግግት 1.06 ይሆናል። ስለዚህ ሰሌዳው 170 ግራም ይመዝናል፤ 51 ግራም ቃጫ፣ 119 ግራም ፕላስቲክ። በጠርዝ ለሚፈሰው 4 ግራም ያህል ፕላስቲክ ጨምሩ። ቃጫውን ወደ 50 በመቶ ከፍ ማድረግ የሚያጓጓ ነው፤ በእጅ መጭመቂያ ግን ፕላስቲኩ ሁሉንም ማርጠብ አቅቶት ሰሌዳው ይደክማል።

በማጠብና በሶዳ መንከር የሚጠፋ ስላለ በ70 ግራም ደረቅ ቃጫ ጀምሩ። ለዚህ አምስት ስድስት ትልልቅ ቅጠል ይበቃል።

ማውጣትና ማጠብ

ቅጠሉ በተቆረጠ በማግስቱ ሳይሆን በዕለቱ ይፋቅ፤ ልጋጉ ቃጫው ላይ ከደረቀ በኋላ አይለቅም። ጣውላ ላይ አስተኝታችሁ በደነዘዘ ቢላ ጀርባ ከመሃል ወደ ጫፍ ፋቁ። የተሳለ ቢላ ቃጫውን ይቆርጠዋል። ጭማቂው ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ክፉ ነው፤ ጓንትና መነጽር አድርጉ። የመፋቂያውን እጣቢ ወንዝ ውስጥ አትድፉ፤ በውስጡ ያለው ሳፖኒን ዓሣ ይገድላል። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ይሻላል።

ቃጫው ታጥቦ፣ በማበጠሪያ ተበጥሮ፣ ጥላ ውስጥ ከደረቀ በኋላ የኮስቲክ ሶዳው ተራ ይመጣል። 70 ግራም ሶዳ በ1,330 ግራም ውሃ ሲሟሟ 5 በመቶ ይሆናል። ሶዳውን ውሃው ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ በፍጹም አታፍስሱ፤ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ዕቃው ፕላስቲክ ባልዲ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። የአሉሚኒየም ድስትን ሶዳው ይበላዋል፤ ሲበላም ተቀጣጣይ የሆነ ሃይድሮጅን ያወጣል።

ቃጫውን በክፍል ሙቀት ለ3 ሰዓት ንከሩ። ሶዳው ከቃጫው ላይ ሰሙን፣ ሄሚሴሉሎሱንና የሙጫውን ክፍል ያነሳል። ልሙጡ ገጽ ይሻክርና የቀለጠው ፕላስቲክ የሚቆነጥጠው ቦታ ያገኛል። ሄሚሴሉሎስ ከቃጫው ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ ውሃ የሚጠጣው ስለሆነ እግረ መንገዱን የውሃ ጥሙም ይቀንሳል። "5 በመቶ ካሻሻለ 15 በመቶ ይበልጥ ያሻሽላል" ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ሲበዛ የቃጫውን ዋና አካል፣ ሴሉሎሱን ራሱን ይጎዳና ቃጫው በጣት ሲጎተት ይበጠሳል። ከዚያ በኋላ ውሃው እስኪጠራ አምስት ስድስት ጊዜ አለቅልቁ። በመጨረሻው ዙር አንድ እጅ አቼቶ ከአራት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ለ10 ደቂቃ ንከሩ፤ እንደገናም በንጹህ ውሃ አጠቡ። የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያ ወረቀት ካለ 7 አካባቢ ማንበብ አለበት። ሶዳ የቀረበት ቃጫ ኦቨን ውስጥ ቢጫ ከዚያም ቡና ዓይነት ይሆናል።

ፋብሪካዎች በዚህ ላይ ማሌይክ አንሃይድራይድ የሚባል ኬሚካል የተያያዘበት ፖሊመር (የፕላስቲክ ዓይነት) ከ2 እስከ 5 በመቶ ይጨምራሉ። አንዱ ጫፉ ከቃጫው ጋር በኬሚካል ይጣመራል፤ ረጅሙ ጭራው ከፕላስቲኩ ጋር ይቀልጣል። ውሃና ዘይትን ሳሙና እንደሚያስታርቀው ማለት ነው። ከጅምላ አስመጪ ከተገኘ ግዙት፤ በሰሌዳ ጥንካሬም በውሃ መቋቋምም ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው እሱ ነው። ካልተገኘ ሶዳው ብቻውን ለመደርደሪያና ለሳጥን የሚሆን ሰሌዳ ይሰጣል።

ማድረቅ

በአየር የደረቀ፣ በእጅ ሲያዝም የሚንኮሻኮሽ ቃጫ አሁንም ከ8 እስከ 12 በመቶ ውሃ አለው። 51 ግራም ቃጫ ላይ 5 ግራም ውሃ ማለት ነው። አንድ ግራም ውሃ ሲተን 1.7 ሊትር ያህል እንፋሎት ይሆናል፤ 5 ግራሙ ከ8 ሊትር በላይ። የሰሌዳው ጠቅላላ ይዘት 0.16 ሊትር ብቻ ነው። ከራሱ ሃምሳ እጥፍ የሚበልጥ እንፋሎት በቀለጠ ፕላስቲክ ውስጥ ሲታሰር ሰሌዳው ለምን እንደ ዳቦ እንደሚነፋ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ ቃጫውን በ105 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ፣ በር በትንሹ ከፍቶ፣ እንፋሎቱ መውጫ እንዲያገኝ አድርጎ ማድረቅ ነው። ሰዓት አትቁጠሩ፤ በየግማሽ ሰዓቱ መዝኑ። ሁለት ተከታታይ ሚዛን እኩል ሲሆን ደርቋል፤ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ሰዓት ይወስዳል። ከዚያም ሳይቀዘቅዝ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ከድኑት። የደረቀ ቃጫ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ወዲያውኑ ከአየር ውሃ መመለስ ይጀምራል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ማታ አድርቆ ጠዋት መጭመቅ ማለት ያልደረቀ ቃጫ መጭመቅ ነው።

መደርደርና መጭመቅ

ፎርማው 20 በ20 ውስጣዊ ስፋትና 20 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ክፈፍ፣ ከሥሩ 10 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ከላዩ ደግሞ ክፈፉ ውስጥ የሚገባ 10 ሚሊ ሜትር ክዳን ነው፤ ክዳኑ በየጎኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው። ክዳኑ ክፈፉ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ጭነቱን የሚሸከመው ብረቱ ነው፤ ፕላስቲኩ ምንም አልተጫነም ማለት ነው። ይህ በብየዳ ቤት ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው። ላሜራው ወፍራም የሆነው ሙቀት እንዲይዝ ነው፤ በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከኦቨን እስከ መጭመቂያው ሲሄድ ፕላስቲኩ ይረጋል።

ፌስታሉን 20 በ20 እየቆረጣችሁ ስድስት ክምር አድርጉ፤ እያንዳንዱ 20.5 ግራም። 20 ማይክሮን (0.02 ሚሊ ሜትር) ውፍረት ካለው ስስ ፌስታል 27 ያህል ቁራጭ ይሆናል፤ መቁጠር ግን አያስፈልግም፣ መዝኑ። እያንዳንዱን ክምር በዳቦ መጋገሪያ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ በካውያ ተኩሱት፤ ተጣብቆ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ወረቀት ይወጣዋል። ይህ ካልተደረገ በፌስታሉ መጨማደድ ውስጥ የታሰረው አየር ሁሉ ሰሌዳው ውስጥ ይቀራል።

51 ግራሙን ቃጫ 19.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ቆርጣችሁ አምስት ቦታ፣ እያንዳንዱን 10.2 ግራም አድርጉ። ፎርማው ከላይና ከታች በመጋገሪያ ወረቀት ይለበስ። ፕላስቲክ፣ ቃጫ፣ ፕላስቲክ፣ ቃጫ እያላችሁ ደርድሩ፤ በፕላስቲክ ጀምሩ፣ በፕላስቲክ ጨርሱ። የመጀመሪያው ቃጫ በቁመት ከሆነ ሁለተኛው በወርድ፣ ሦስተኛው በቁመት፣ እንዲህ እስከ አምስተኛው። ከመሃሉ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ሲቆጠር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ፖሊኢትሊን ሲረጋ ይኮማተራል፤ ቃጫው በተዘረጋበት አቅጣጫ ግን አያስኮማትረውም። ሁለቱ ፊት እኩል ካልሆኑ አንዱ ጎን ሌላውን ስቦ ሰሌዳው እንደ ሰታቴ ክዳን ይጎብጣል።

የተርሞኮፕል (የሙቀት መለኪያ) ሽቦ በመሃለኛው ንብብር አስገቡ፤ ኦቨኑን 180 ላይ አድርጉት። ፎርማው ከነብረቱ ከባድ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይግላል። መሃሉ 170 እስኪያነብ ጠብቁ፤ ከዚያ 5 ደቂቃ ብቻ ጨምሩ። የእንጀራ ምጣድ ላይ መሞከር የሚያስቡ አሉ፤ ሸክላው ከሥሩ ብቻ ያግላል፣ ሙቀቱንም መግጠም አይቻልም፤ የታችኛው ንብብር ሲጠቁር የላይኛው ገና ፌስታል ነው።

መጭመቂያው ከአንጎላሬ የተበየደ ክፈፍና የ10 ቶን ክሪክ ነው። 10 ቶን በ400 ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ ሲያርፍ 25 ባር ገደማ ይሰጣል፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ክፈፉ ግን ይህን ጉልበት የሚችል ይሁን፤ ብየዳው ከለቀቀ ክሪኩ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ሲጨመቅ ፊት ለፊቱ አትቁሙ። መጀመሪያ በቀስታ ጫኑ፤ ልቀቁ፤ ጫኑ፤ ልቀቁ፤ ሦስት ጊዜ። የቀረው እንፋሎትና አየር የሚወጣው በዚህ ትንፋሽ ነው። ከዚያ ሙሉውን ጉልበት ስጡትና እንደተጫነ ተዉት። ክሪኩ እየላላ ስለሚሄድ በየሁለት ደቂቃው አንዴ ደግማችሁ ምቱት። መሃሉ ከ60 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አትክፈቱ። እዚህ ላይ መቸኮል ጥሩ የተሠራውን ሁሉ ያበላሻል፤ በትኩሱ የወጣ ሰሌዳ ዓይናችሁ እያየ ይጣመማል።

የወጣውን ማንበብ

መጀመሪያ መዝኑ፣ ለኩ፣ አካፍሉ። 1.06 መሆን የነበረበት ጥግግት 1.00 ከወጣ 6 በመቶ ያህሉ ባዶ ቀዳዳ ነው። ቡና ዓይነት ቀለምና የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ካለው ሙቀቱ በዝቷል ወይም ኦቨን ውስጥ ቆይቷል።

ከዚያ 15 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ መጋዙ። በ64 ሚሊ ሜትር ርቀት በተቀመጡ ሁለት ብረቶች ላይ አጋድሙትና ከመሃሉ ባልዲ ስቀሉበት፤ ውሃ በሊትር እየለካችሁ ጨምሩ። ቁራጩ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው እያንዳንዱ ሊትር 4 ሜጋ ፓስካል ገደማ ጫና ነው። የባልዲውንም ክብደት ቁጠሩ። ቃጫ የሌለበት፣ ከዚያው ፌስታል ብቻ የተሠራ ሰሌዳ አብሮ ካልተፈተነ ግን ቁጥሩ ትርጉም የለውም፤ ቃጫው ምን እንደጨመረ የሚነግረው ልዩነቱ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ስብራቱ ብዙ ይናገራል። አጉሊ መነጽር ይዛችሁ እዩት። ንጹህና ረጅም ቃጫ ከስብራቱ ወጥቶ ከተንጠለጠለ ፕላስቲኩ አልያዘውም፤ ሶዳው፣ ማለቅለቁ ወይም የፌስታሉ ንጽህና ላይ ተመለሱ። ቃጫው ከስብራቱ እኩል ከተበጠሰና ላዩ ላይ ፕላስቲክ ከቀረ መያያዙ ጥሩ ነው። ተሰባስቦ የቆመ ደረቅ እስር ከታየ ደግሞ ፕላስቲኩ አልሰረገም፤ ቃጫው አንድ ቦታ ተከምሯል ወይም ሙቀቱ አንሷል።

ቃጫውን ቆራርጦ መበተን ለሚፈልግ አንድ ስሌት ይጠቅማል። 500 ሜጋ ፓስካል የሚችል፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቃጫ ከፕላስቲኩ ጋር ያለው መያያዝ 5 ሜጋ ፓስካል ከሆነ፣ ሳይንሸራተት ሙሉ ጉልበቱን ለማውጣት ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። መያያዙ በእጥፍ ሲሻሻል 5 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ ሲበተን ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ላይ ቁረጡ። በኤክስትሩደር (ፕላስቲክ እያቀለጠ በሚገፋ ማሽን) ውስጥ ያለፈ ቃጫ ጠመዝማዛው ሰባብሮት ብዙውን ጊዜ ከዚህ በጣም ያጥራል፤ ከጉልበት ሰጪነት ወደ መሙያነት የሚወርደው እዚያ ነው።

ስለ "አረንጓዴነቱ" ደግሞ ሳይጋነን ይነገር። ይህ ሰሌዳ አፈር ውስጥ አይበሰብስም፤ ቃጫው ቢበላ ፕላስቲኩ ይቀራል። ከሌላ ፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎም ወደ ጀሪካን አይመለስም። ጥቅሙ ሰሌዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ በክብደት በ30 በመቶ መቀነሱና ሜዳ ላይ የሚበር ፌስታል ለዓመታት አንድ ቦታ መታሰሩ ነው። የተሰበረ ሰሌዳ ተቆራርጦ እንደገና ሊጨመቅ ይችላል፤ ቃጫው ግን በየዙሩ ያጥራል፣ ይጠቁራልም።

የመጨረሻው ውሃ በመጋዝ ጠርዝ የሚገባው ነው። ፊቱ በፕላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ ዝናብ አይጎዳውም፤ ሲቆረጥ ግን የእያንዳንዱ ቃጫ አፍ እንደ ገለባ ክፍት ይሆናል። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ መዝናችሁ ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ ጠርዝ ጠርዙን ሲያብጥ ታያላችሁ። ሌላውን ተመሳሳይ ቁራጭ ዙሪያውን ስስ የፌስታል ጥብጣብ አድርጋችሁ፣ በወረቀት ላይ በካውያ ከተኮሳችሁት በኋላ አብሮ ንከሩት፤ ልዩነቱ ሚዛን ላይ ይወጣል። ብሎን የሚገባበት ቀዳዳም ጠርዝ ነው። ከመጠን በ2 ሚሊ ሜትር አስፍታችሁ ብሱት፤ በቀለጠ ክዳን ሙሉት፤ ሲረጋ መሃሉን በትክክለኛው መጠን ደግማችሁ ብሱት።